ራሱን የሚያማ ሰው

በሐሜት አባቴን የሚያህለው አልነበረም። ልዩነቱ የሚያማው ራሱን ብቻ መሆኑ ነው።

ማታ ከሥራ ሲመለስ ሰማያዊ የሹፌር ኮቱን በሩ ጀርባ ይሰቅላል፤ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ይስብና ጎረቤት እንዳይሰማው የሚጠነቀቅ ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ያ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ምን እንዳደረገ ሰማችሁ?» ይላል። ያ ሰውዬ የሚለው ራሱን ነው። እናቴም ወሬ እንደጣማት ሴት ጉንጯን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ «ደግሞ ምን አደረገ?» ትለዋለች። ይኼኔ አባቴ የከተማ አውቶብስ ሲነዳ ውሎ የፈጸመውን ሞኝነት ሁሉ፣ የሌላ ሰው ጉድ እንደሚያወራ፣ እየተነሳና እየተቀመጠ፣ ድምፅ እየቀያየረ ያሳየናል። ያ ሰውዬ በሩን ሳይከፍት «ውረዱ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» ብሎ ተሳፋሪ ላይ ጮኸ። ያ ሰውዬ አንዲት እናት ከኋላ ልጇን «አርፈህ ተቀመጥ!» ስትል እሱን የተቆጣችው መስሎት «እሺ» አለ። እኔ በሳቅ ከወንበሬ እወድቅ ነበር።

ሳቁ ሲያልቅ አባቴ ሳህኑን ያያል። ከዚያ በሌላ ድምፅ «ሰውዬው ግን መጮህ አልነበረበትም» ወይም «ሰውዬው ደክሞት ኖሯል ለካ» ብሎ መብላት ይጀምራል። እሷን ክፍል አልወዳትም ነበር። ተቆርጣ ብትጣል የማትጎዳ የጨዋታው ጭራ ትመስለኝ ነበር።

ለካ ጨዋታው የተጀመረው ለዚያች ጭራ ሲባል ነው። እናቴ ካደግኩ በኋላ እንደነገረችኝ አባቴ በወጣትነቱ ቱግ ባይ ነበር። ከተሳፋሪ ጋር ተጣልቶ በገባ ቁጥር እሱ ንጹሕ፣ ዓለም በሙሉ በዳይ ነው። ገና እንደተጋቡ አንድ ማታ ስልችት አላትና «እስቲ የተጣላኸው ሰው ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ እንዴት እንደሚያወራው አውራልኝ» አለችው። በንዴት ጀመረ። መሃል ላይ የራሱን ዓይን ማፍጠጥ ሲያስመስል ሳቁ አመለጠው። በማግስቱ ሰውየውን ፌርማታ ላይ ጠብቆ ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ ያወቀው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይስቅበታል፣ ቀጥሎ ያየዋል።

እኔ ግን ያኔ ልጅ ነኝ። አባቴ የሚያስቅ ሰው መሆኑን እንጂ ሌላ ነገር አላውቅም።

ሳቃችን መበላሸት የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አንድ ማታ አባቴ ብድግ ብሎ የሌለ ኮፍያ እያወለቀ አሳየን። ያ ሰውዬ መንገድ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ይጋጫል። «ይቅርታ እህቴ፣ አላየሁሽም» ይላል። ሴትየዋ ዝም። «ተጎዳሽ እንዴ?» ዝም። ኩርፊያዋ አሳስቦት ቀና ቢል፣ የመብራት ምሰሶ ናት። እናቴም እኔም እስክናለቅስ ሳቅን። ሌላ ቀን ደግሞ ያ ሰውዬ አውቶብሷን በጠባብ መንገድ ሲያሳልፍ ስፖኪዮዋ የግንብ አጥር ጉንጭ ስማ ተሰበረች። እኔ የመስታወቱን መሳም እያስመሰልኩ ስንከተከት እናቴ ሳትስቅ፣

«በየት በኩል ነው? በቀኝ ነው በግራ?» አለችው።

«ለሐሜት ቀኝና ግራ ምን ያደርግለታል?» አላትና እኔን ጠቀሰኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ባወራ ቁጥር ጥያቄዋ እሱ ሆነ። የፍራፍሬ ሻጯ ቅርጫት የተገፋው በየት በኩል ነው? ተከፍቶ የቀረው በር የመታህ በየት በኩል ነው? አባቴ በዚያም በዚህም ብሎ ወደ ሌላ ቀልድ ይዘላል። እኔ እናቴን ታዘብኳት። ቀልድ መስማት የማታውቅ ሴት ሆነችብኝ።

አንድ እሑድ አባቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ወደ ውጭ እያየ ያወራኛል። እናቴ ውሃ በብርጭቆ ይዛ መጣችና በስተቀኙ ቆመች። እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን አቀረበችለት። አባቴ ወሬውን ቀጠለ። እናቴ አልተናገረችም፤ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች። ብርጭቆው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ውሃው ጣቷ ላይ ሲፈስ አየሁ። አባቴ አልተቀበላትም፤ ዞርም አላለ። በመጨረሻ እጇን ቀስ ብላ አውርዳ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴን ስወደው ኖሬ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁት። ሰው ሚስቱን እንዲህ ይንቃል?

በዚያው ሰሞን ትልቋ አክስቴ መጣች። እሷ ስትመጣ እኔ መጋረጃው ጀርባ ደብተሬን ይዤ አልጋ ላይ እንድወጣ ይደረጋል። «ይቺ ልጅ ጆሮዋ ረጅም ነው» ትላለች አክስቴ፤ ግን መጋረጃ ጆሮ የሚያግድ ይመስል ድምፅዋን አትቀንስም። ያን ቀን ግን ሁለቱም ያንሾካሹካሉ።

«ከጎኑ ያለውን አያይም» አለች እናቴ። «አጠገቡ ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ አላየኝም።»

«ነገርሽው?»

«እንዴት ብዬ? አፌን ስከፍት ቀልድ ያመጣል። ሲያስቀኝ ደግሞ ወኔዬ ይከዳኛል።»

የአክስቴ ወንበር መንቋቋት ይሰማኛል። «እህቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄ ነገር የሰው ነፍስ ያጠፋል። ወይ አንቺ ንገሪው፣ ወይ እኔ አለቃው ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ።»

ነገሩ ሁሉ ፍንትው ብሎ ገባኝ። አባቴ ከጎኑ ያለችውን ሚስቱን አያያትም። እናቴ በሐዘን ልትሞት ነው። አክስቴ ደግሞ ክፉ ባል መሆኑን ለአለቃው ልትከስ ነው። የክፍሌ አንዲት ልጅ አባት ከቤት የወጣ ዕለት ፍራሹን ጠቅልሎ ተሸክሞ በጠዋት ሲሄድ ከትምህርት ቤቱ አጥር አይተነዋል። ያን ቀን የእኛን ቤት ፍራሽ ዓይኔን ተክዬ ሳየው አመሸሁ።

እውነቱን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። እናቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። አንሶላ ልትወስድ የምትመጣ አንዲት የዓይን ክፍል ነርስ አለች። እናቴ «አንድ የማውቀው ሰው» እያለች ነገሩን ሁሉ ዘርዝራ ስትጠይቃት ነርሷ እጥፉን አንሶላ መልሳ አስቀመጠችው። ሳያምና ሳያቆስል ዕይታን ከዳር ጀምሮ እየበላ የሚገባ የዓይን ግፊት አለ አለቻት። የፊት ለፊቱ ጥርት ብሎ ስለሚታየው ሰውየው ምንም የጎደለ አይመስለውም፤ ከሁሉ በኋላ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። «ሰውየው ሥራው ምንድን ነው?» ብትላት እናቴ የሚቀጥለውን አንሶላ ማጠፍ ጀመረች። እኔ መጋረጃው ጀርባ ስለ ፍቅር የሰማሁት ወሬ ስለ ዓይን ነበር። የሰው ነፍስ ያለችውም አክስቴ የእናቴን ነፍስ ማለቷ አልነበረም።

እኔ ግን ትዳራቸውን ለማዳን ተነሳሁ። እናቴ ሁልጊዜ የምትቀመጥባትን በርጩማ ከአባቴ ጎን አንስቼ ጠረጴዛው ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቱ ወሰድኳት። ቢጫ ሻሿን አውጥቼ እንድታስር ለመንኳት። ያን ማታ አባቴ አያት። «ዛሬ ሚስቴ እንደ ዳኛ ፊቴ ተሰየመች» አለ፤ ሻሿ እንዳማረባት ነገራት፤ ውሃ ስታቀብለው ከእጇ ተቀበላት። ሥራዬ ስለሠመረልኝ እግሬን ከጠረጴዛው ሥር አወዛወዝኩ። እናቴ ተነስታ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። የደስታ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ሊያሳየኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። የመነሻው ፌርማታ ከቤታችን ብዙም አይርቅም። እናቴ ሌሊቱን አልተኛችም መሰለኝ ፊቷ ጠቁሯል። «ልጅቷ ትቅር» አለችው። «ለምን? ከአባቷ ጋር አይደለችም እንዴ?» አለና እጄን ይዞ ወጣ። እናቴ የሥራ ጋውኗን ለብሳ ነበር፤ አወለቀችውና ተከተለችን። አባቴ በጣም ደስ አለው። «ያ ሰውዬ ሚስቱን ሽርሽር ሊወስድ ነው» እያለ አውቶብሱ ውስጥ ለገባ ሁሉ አወራ። የእናቴ ዕቅድ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ አውቶብሱ ባዶ ሲሆን፣ ሳቅ የሚያመጣ ሦስተኛ ሰው በሌለበት ልትነግረው ነበር። መጨረሻው ፌርማታ ግን ሩቅ ነው።

እናቴ ከፊተኛው በር አጠገብ፣ በቀኝ በኩል መጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እኔን ጭኗ ላይ አደረገችኝ። በሩ ላይ ቲኬት ቆራጯ ቆማለች። ድምፅዋ ከአንዱ ፌርማታ እስከ ሌላው ስለሚሰማ ሰው ሁሉ ደወል ነው የሚላት። የፌርማታውን ስም እያዜመች ትጠራለች፤ በመሃል ደግሞ «ቀኝ! ቀኝ አለ! ቀኝ ሰው!» ትላለች። የዘፈኗ አዝማች መስሎኝ አብሬያት ቀኝ ቀኝ አልኩ። ደወል ዘወር ብላ እናቴን አየቻት። እናቴም አየቻት። ከዚያ ጀምሮ የእናቴ ክንዶች ወገቤን እንደ ቀበቶ አጠበቁት። ደወል ለወራት የአባቴ ቀኝ ዓይን ሆና ስትሠራ እንደነበር እናቴ ያወቀችው በዚያች ቅጽበት ነው።

አባቴ መሪውን ይዞ ያወራል። ከኋላው የተቀመጡት ያስቁታል፣ ያስቃቸዋል። ገበያው መንገድ ላይ ስንደርስ ሰዉ ጢም ብሏል። በግራ በኩል ጭነት የሚያራግፍ የጭነት መኪና ቆሞ መንገዱን አጥብቦታል፤ አባቴ እሱን እያየ ወደ ቀኝ ጠጋ አለ። ደወል የአንዲት አሮጊት ዘንቢል ልታወርድ ጎንበስ ብላለች። ከእግረኛ መንገዱ ዳር፣ ከሻጮቹ መሃል፣ አንዲት ብርቱካን እየተንከባለለች ወደ አስፋልቱ ስትወርድ አየሁ። ብርቱካኗን ተከትሎ አንድ ትንሽ ልጅ ወረደ።

«ቁም!» አለች እናቴ።

የእናቴን ድምፅ እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። ፍሬኑ ጮኸ። ከእናቴ ጭን ተወርውሬ አፌ ከብረቱ ጋር ተላተመ። የአሮጊቷ ድንች በአውቶብሱ ወለል ላይ ተንከባለለ፣ ሰው በሰው ላይ ወደቀ፣ ሞተሩ ጠፋ።

«ምንድን ነው?» አለ አባቴ በቀስታ። «ምን ሆነ?»

«ልጅ» አለች ደወል።

አባቴ አንገቱን፣ ቀጥሎም ትከሻውን ጭምር ወደ ቀኝ አዞረ። ልጁ ከጎማው አጠገብ ብርቱካኗን አንስቶ በሸሚዙ እየጠረገ ነው። እናቱ እየጮኸች ደርሳ አፈፍ አደረገችው፤ በጥፊ መታችው፣ መልሳ ሳመችው። ከዚያ ጭብጨባ ተነሳ። መጀመሪያ ከውጭ፣ ቀጥሎ ከአውቶብሱ ውስጥ። «እጅህ ይባረክ! ዓይን ነው እንጂ! ሹፌር ማለት እንዲህ ነው!» አንድ ሰውዬ በመስኮት እጁን አስገብቶ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገው። አባቴ እጁን አነሳላቸው። ደሜን እየዋጥኩ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። እናቴን ቀና ብዬ ሳያት አታጨበጭብም። ልጅ ስላዳነ እንኳ አትታረቀውም ብዬ በጣም አዘንኩባት።

አባቴ ሞተሩን መልሶ አላስነሳም። ደወል «ፍሬኑ ታሟል፣ ውረዱ!» ብላ ተሳፋሪውን አወረደች፤ እየወረዱም ያመሰግኑታል። አውቶብሱን ሌላ ሹፌር መጥቶ ወሰደው። እኛ በእግራችን ወደ ቤት ሄድን።

ማታ ገበታ ቀረበ። አባቴ ኮቱን ሰቀለ፣ እጁን ታጠበ፣ ወንበሩን ሳበ። ፊት ለፊቱ እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። «ያ ሰውዬ ዛሬ ምን እንዳደረገ ሰማችሁ?» አለ። ድምፁን ግን ዝቅ አላደረገም።

እናቴ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችለት። የጨዋታው ሕግ እንዳይፈርስ ብዬ እኔ፣ «ደግሞ ምን አደረገ?» አልኩ።

አባቴ ያበጠ ከንፈሬን አየ። ከዚያ ብድግ አለ። የሌለ መሪ ጨብጦ፣ ደረቱን ነፍቶ ገበያው መሃል ነዳ። ያ ሰውዬ ሽርሽር ላይ ነው። ከተማው የአባቱ ነው። ድንገት ከጎኑ «ቁም!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ሰውዬው የሚስቱን ድምፅ ያውቃልና ለምን ሳይል ይቆማል። ቤትም ቁም ስትለው ይቆማል። ሳቅሁ። ከንፈሬ መልሶ ተሰነጠቀና ደም ቀመስኩ፤ ግን ሳቅሁ። አባቴም ትንሽ ፈገግ አለና ጨዋታው ያዘው። «ይኼኔ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ጎበዝ ይሉታል። ዓይን ነው እንጂ ይሉታል። ሰውዬው ደግሞ» አለና አገጩን ሽቅብ አንስቶ እጁን እንደ ንጉሥ አወዛወዘ፣ «ምንም አይደል፣ ሥራችን ነው፣ ይላቸዋል። ለምን እንደቆመ አያውቅም እኮ! እጁን እያወዛወዘ በልቡ ምን ይላል? ምን አይቼ ነው የቆምኩት ይላል። ምን አይቼ...»

እጁ አየር ላይ ቀረ።

የሳቄ መጨረሻ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሲሰማ አፈርኩ። አባቴ የሚያየው እኛን አልነበረም።

«ልጁን አላየውም» አለ። ቀጥሎም፣ «አላየሁትም።»

በዚያ ጨዋታ ውስጥ «እኔ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነገር ይቆጥራል፤ ምሰሶዋን፣ ግንቡን፣ ቅርጫቱን። ከዚያ ቀኝ እጁን ከጆሮው አጠገብ አንስቶ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ፤ ቀስ እያለ ወደ ፊቱ አመጣው። እጁ አፍንጫው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ገና ታየውና ቆም አደረገው።

«በቀኝ» አለ። «ሁሉም በቀኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

«ታውቂያለሽ?»

«ዛሬ ልነግርህ ነበር። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

«ለምን ዛሬ? ለምን ከዚያ በፊት...» ድምፁ ተነሳ፤ ጠረጴዛውን የመታው መሰለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታውም። እናቴ ተነስታ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ፊቱ ተንበረከከች፤ ጉልበቱን ያዘች። «ሌላ ሰው ሲነግርህ ትከራከራለህ» አለችው። «አንተ ራስህን ስታማ ብቻ ነው እውነቱን የምትሰማው። ትደርስበታለህ ብዬ ጠበቅኩ። መጠበቅ አልነበረብኝም።» አባቴ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለ። እኔ በርጩማዋን ያስቀመጥኩበት ቦታ መልካም እንደነበር ለራሴ ነገርኩና በደስታ ተኛሁ።

በማግስቱ የሆነውን የነገረችኝ ደወል ናት። አባቴ ኮቱን አስተኩሶ ለብሶ ስምሪት ክፍል ገባ። ሹፌሮች ተሰብስበዋል፤ ጀግናውን አቅፈው ተቀበሉት። እሱም ያ ሰውዬ ምን እንዳደረገ ሰማችሁ ወይ ብሎ ጀመረ። ምሰሶዋን ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ለጭብጨባው እጁን ሲያወዛውዝ፣ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ፤ የስምሪት ኃላፊው እንባውን ይጠርጋል። ታሪኩን ሲጨርስ የአውቶብሱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሳቁ የቆመው ያኔ ነው» አለችኝ ደወል። «አባትሽ ኮቱን አውልቆ ሲያጥፈው ወደ ግድግዳው ዞርኩ።»

የዓይን ሐኪሙ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል፣ የሄደው ግን አይመለስም አለ።

አባቴም ዝም አለ። ቀኑን ሙሉ ቤት ነው። ወንበሮቹን ከቦታቸው ያነሳ ሰው ላይ ይቆጣል፤ በሩን ሰው ገርበብ አድርጎ ከተወው ይጮሃል፤ ያ የድሮው ቱግ ባይ፣ እኔ የማላውቀው፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ቤታችን ገባ። ማታ ገበታ ላይ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። እናቴ የሆስፒታሉን ተጨማሪ ፈረቃ ይዛ ቆዳዋ የተላጠ እጇን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች። አንድ ቀን ደፍሬ «ያ ሰውዬ ዛሬ ምን አደረገ?» ብለው «ምንም» አለኝ። «ያ ሰውዬ ምንም አያደርግም።» ጥፋቱ የእናቴ መሰለኝ። ከጎኗ እንዳይጠፋ ብላ ከሥራው አስወጥታ አጠገቧ ያስቀመጠችው፣ ሳቁንም እዚያው አውቶብሱ ውስጥ ያስቀረችው መሰለኝ።

ለዓይን ቀጠሮ ሁልጊዜ በእግር ነበር የምንሄደው። ሩቅ ነው፤ አባቴ ግን አውቶብስ የሚባል ነገር አልረግጥም ብሏል። አንድ ጠዋት ግን ዝናቡ አላንቀሳቅስ ሲለን እናቴ ሳትጠይቀው ክንዱን ይዛ የመጣው አውቶብስ ላይ አወጣችው። በሩ ላይ ደወል ቆማለች። አየችው፣ አልጮኸችም፤ ቲኬት ቀደደችና ሰጠችው። አባቴ ቲኬቷን በሁለት ጣቱ ይዞ ምን እንደሚያደርጋት ግራ ገባው። መሃል አካባቢ ባርኔጣ ካደረጉ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠ። እኔና እናቴ ከኋላቸው ሆንን።

መሪውን የያዘው ወጣት ሹፌር ነው። ፍሬን በያዘ ቁጥር አባቴ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ሲረግጥ ከኋላ ይታየኛል። ገበያው መንገድ ላይ ወጣቱ በኃይል ያዘና ሁላችንም ወደ ፊት ሄድን። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ከመሬት እያነሱ አጉረመረሙ።

«በፊት በዚህ መስመር አንድ ሹፌር ነበር» አሉ፣ ለአባቴም ለሁሉም። «ልክ እዚህ ቦታ ላይ ነው። ሕፃን ልጅ ከጎማ ሥር ገባ ስንል፣ ያ ሹፌር ከየት እንዳየው እንጃ፣ ልክ ሚዛን እንደያዘ ሰው አውቶብሷን ቀጥ አደረጋት። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። የንስር ዓይን ነበረው።»

ከወንበሬ ብድግ ልል ስል እናቴ ጉልበቴን ያዘችኝ። አባቴ እኔ ነኝ እንዲል ጠበቅኩ። ደወልም ቲኬት መቁረጧን አቆመች። አባቴ ቲኬቷን በጣቶቹ መሃል ጠቀለላት።

«አላየውም ነበር አሉ» አለ።

«ማነው ያለው?»

«ሚስቱ ናት ያየችው። እሱ በቀኝ በኩል ጨርሶ አያይም ነበር አባቴ። ወራት ሙሉ ከምሰሶ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ከርሞ አንድ ቀን እንኳ ለምን አላለም። ሲያጨበጭቡለት ደግሞ እጁን አንስቶ ተቀበለ።»

ሽማግሌው መላ ሰውነታቸውን ወደ አባቴ አዞሩ። ንዴታቸው ጆሮአቸውን አቅልቶታል። «አንተ ሰው፣ አታፍርም?» አሉት። «ሰው በሌለበት እንዲህ ይታማል?» አንዲት ሴት ከፊት ሆና እውነት ነው፣ ነውር ነው አለች። ሌላውም «ምቀኛ!» ብሎ ሰደበው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሰው ፊት ሲያለቅስ ላየው ስላልፈለግኩ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እናቴ ግን ወደ እሱ አዘንብላ ፊቱን አየችና ጉልበቴን የያዘው እጇ ላላ። ይስቅ ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ እንዳያወጣ ከንፈሩን ነክሶ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ይስቅ ነበር።

«ለመሆኑ ያ ሰው ምን በደለህ?» አሉት ሽማግሌው።

አባቴ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ብዙ በድሎኝ ነበር አባቴ» አለ። «አሁን ግን ታርቀናል።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

«ከታረቃችሁ እንግዲህ» አሉት፣ «ሁለተኛ ስሙን በክፉ እንዳታነሳ።»